የኢንተርፕራይዝ ቅርፅ ሙግት በጎንደር

ስታር ትሬክ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በፊልምም በአዳዲስ ድራማዎችም እየቀጠለ ስድስት አሥርት ዓመታት ገደማ ሆኖታል። ወዳጆቹ ከገጸ ባሕርያቱ ባልተናነሰ የሚሟገቱት ስለ ጠፈር መርከቦቹ ቅርፅ ነው። ጎንደር ውስጥ ይህን ወሬ የምናወራ ጥቂት ነን፤ ፒያሳ አካባቢ ጀበና ቡና ዙሪያ ከተቀመጥን ግን በረካው ሳይጠጣ አንነሣም።

የድራማውን ዋና መርከብ፣ ኢንተርፕራይዝን፣ ለማያውቃት ሰው የምናሳየው በስኒ ማስቀመጫ ነው። አንዱ ሳህኗን አግድም ይይዛል፣ ሌላው ማንኪያ ከሥሯ ያደርጋል፣ ሦስተኛው ሁለት እስክሪብቶ ከኋላ ከፍ አድርጎ ትይዩ ይዘረጋል። ኢንተርፕራይዝ ማለት ይህች ናት፦ ከፊት ክብ ሳህን፣ በአንገት የተያያዘ ሞላላ አካል፣ ከኋላ የተሰቀሉ ሁለት ሞተሮች።

ይህን ቅርፅ ያወጣው ማት ጀፈሪስ አውሮፕላን አብራሪና የአውሮፕላን ሠዓሊ ነበር። ሞተሮቹን ከሰው መኖሪያ ያራቃቸው ጉልበታቸው ለሰው አደገኛ ይሆናል ብሎ በማሰብ ነው። የውጭ ገጽታዋን ለስላሳ ያደረገው ደግሞ የሚበላሽ ነገር ሁሉ ከውስጥ መጠገን አለበት ከሚል ሐሳብ ነው። ጥገና ሠራተኞች በደረታቸው የሚሳቡበት ጠባብ መተላለፊያ በድራማው ውስጥ በስሙ ተጠርቶለታል። ለቀረፃ የዋለው ሞዴል 3.4 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አሁን ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። የመብራቱ ሽቦ የሚገባው በግራ ጎኑ ስለነበር ያ ጎን በወጉ አልተጨረሰም፤ ካሜራው የሚያነሣው ቀኙን ነበር።

ክርክሩ የሚጦፈው ተተኪዎቹ ላይ ነው። በ1979 ፊልም ላይ የመጀመሪያዋ መርከብ ታድሳ ቀረበች፤ የሞተሮቹ እግሮች ወደ ኋላ ዘመም አሉ፣ ሞተሮቹም ጠፍጠፍ አሉ። እኔ ከዚህች የተሻለች አላየሁም፤ እናትየዋን ሳትክድ የበሰለች ናት። በ1987 በተጀመረው አዲስ ድራማ የመጣችው፣ አንድሩ ፕሮበርት የነደፋት፣ 642 ሜትር ትረዝማለች፤ የመጀመሪያዋ 289 ሜትር ብቻ ነበረች። ሳህኗ ሰፊ፣ ሞተሮቿ አጫጭር ስለሆኑ «ፊቷ ከበዳት» የሚሏት አሉ። ደጋፊዎቿ ግን ከ1,000 በላይ ሰው ከነቤተሰቡ የሚኖርባት መርከብ ከተማ መምሰሏ ምን ያስገርማል ይላሉ፤ ይህ መልስ ጠንካራ ነው። የ2009 ፊልም መርከብ ላይ ደግሞ ሙግቱ የመጠን ነው። ከ700 ሜትር በላይ ትረዝማለች ቢባልም፣ የመስኮቶቹን ረድፍ ቆጥረው በፎቅ ብዛት እያሰሉ፣ ያን ያህል አትሞላም የሚሉ ብዙ ናቸው።

ጎንደሬ ለዚህ ዓይን አያጣም። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1636 ገደማ ከቆረቆሩ በኋላ ልጃቸው ዮሐንስ፣ ቀጥሎም ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ በዚያው ቅጥር ውስጥ የየራሳቸውን ሕንፃ አቁመዋል። አንዱ ከሌላው ይለያል፤ ሆኖም ከድንጋዩና ከኖራው፣ ከማማውና ከቅስት በሩ የአንድ ግቢ ልጆች መሆናቸው ይታወቃል። አዲስ ኢንተርፕራይዝ ስትመጣም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የራሷን ትምጣ፣ ግን ከየት እንደመጣች ይታይ። ስሙም እየተወረሰ መዝገብ ቁጥሩ 1701 ላይ ፊደል ብቻ ይጨመርበታል።

የወዳጆቹ ፍቅር ከስክሪን ውጭም ደርሷል። በ1976 የናሳ የመጀመሪያዋ የሙከራ መንኮራኩር ኢንተርፕራይዝ የተባለችው ተመልካቾች ለአሜሪካ መንግሥት በላኳቸው እጅግ ብዙ ደብዳቤዎች ነው። በአየር ላይ ተፈተነች እንጂ ጠፈር አልወጣችም።

ሳንስማማ የምንለያየው ሁልጊዜ በሞተር ቁጥር ነው። ሞተር ጥንድ ይሁን የሚለው ደንብ ከድራማው ፈጣሪ ከጂን ሮደንቤሪ የመጣ ነው ይባላል። በ1994 የ642 ሜትሯ መርከብ በመጪው ዘመን ባለ ሦስት ሞተር ሆና በ1987ቱ ድራማ የመጨረሻ ክፍል ታየች። ወሬያችን እዚህ ሲደርስ ከቡና አፍዪዋ ሦስተኛ እስክሪብቶ እንዋስና ከሳህኗ በላይ፣ መሐል ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ግማሾቻችን አምሮባታል እንላለን፣ ግማሾቻችን አንሥተን እንመልሰዋለን።