«ሲያለቅስ አፉን ያዢለት» እና ሌሎች የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን መርፌ ልታስወጋ ተራ ትጠብቃለች። ከረሜላውን ልጣ በእጇ ይዛለች። መርፌው ገባ፤ ልጁ ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት ከረሜላው ተከተለ። ዝም አለ። «አየሽ እህቴ፣ ልጅ እንዲህ ነው የሚባበለው» አለችኝ። ደሴ ውስጥ ከወላጆች ጋር የምሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ይህን መስማት ሰልችቶኛል።

ስለ ልጆች ውፍረትና አመጋገብ ከምንሳሳታቸው ነገሮች ትንንሾቹን ላስቀድም።

«ድንቡሽቡሽ ያለ ልጅ ጤነኛ ነው።» በዓይን አይታወቅም። ክብደቱ ከቁመቱና ከዕድሜው ጋር ይታያል።

«ውፍረት የፈረንጅ ልጅ ችግር ነው።» የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአፍሪካ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው ሕፃናት ቁጥር ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ 23 በመቶ ገደማ ጨምሯል።

«ዱባ ብለው ቢሰድቡት አፍሮ ይቀንሳል።» በፍጹም። የተሰደበ ልጅ ይደበቃል፤ ተደብቆም ይበላል።

አሁን ወደ ከረሜላው። «ምን ይጎዳዋል?» ትሉኛላችሁ። ይጎዳዋል። ትንሽ ልጅ ሲከፋው በተፈጥሮው ምግብ ያስጠላዋል። ሲከፋው መብላትን የምናስለምደው እኛ ነን። ጌሚኒ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት መንትዮችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ተከታትሎ፣ ይህ ልማድ በዋናነት ከዘር ሳይሆን ከቤት እንደሚመጣ አግኝቷል። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው እንግሊዝ ተመራማሪዎች ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን ምሳ አጥግበው፣ አንድ ቁራጭ የጎደለው የሥዕል ገጣጥም ሰጥተው አበሳጯቸው። እናታቸው በምግብ የምታባብላቸው ልጆች ጠግበውም እንኳ ጣፋጩን ከሌሎቹ ልጆች አብልጠው በሉ።

ከኮምቦልቻ የሚመጣ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረኝ። አባቱ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። መኪናው ከግቢ በወጣ ቁጥር አያቱ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ከረሜላ ያወጣሉ። ከጓደኛው ሲጣላም ከረሜላ። ፈተና ሲወድቅም ቦምቦሊኖ። «ሲርብህ የት ላይ ነው የሚሰማህ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ሂልደ ብሩክ የተባለች የአእምሮ ሐኪም በ1973 እ.ኤ.አ. የጻፈችው ይህንኑ ነው። ለጭንቀቱ ሁሉ ምግብ የተሰጠው ልጅ ረሃቡንና ኀዘኑን መለየት ሳይማር ያድጋል።

አያቱ ተቆጡኝ። «ታዲያ ባዶ እጄን ላባብለው?»

«አዎ እማማ፣ በባዶ እጅዎ። ጋቢዎት ውስጥ ያስገቡት። ‹አባትህ ሄዶብህ ነው አይደል የከፋህ?› ይበሉት። ካለቀሰም ያልቅስ።»

የልጅ ለቅሶ ያልፋል። ስሜቱን በስሙ ከጠራችሁለት ቶሎ ያልፋል። ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ «ከፍቶኛል» ብሎ ራሱ ይነግራችኋል። የማባበል ሥራ ይኸው ነው፤ የሚፈጀው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።

ይህን ስነግራቸው አንዳንድ እናቶች ሮጠው ቁም ሣጥን ይቆልፋሉ። እሱም ስህተት ነው። የተቆለፈበት ልጅ ሐሳቡ ሁሉ እዚያው ቁልፉ ላይ ይሆናል። «ቤት ካጸዳህ ብስኩት እሰጥሃለሁ» ማለትም እንዲሁ ነው፤ ብስኩቱን ሽልማት ታደርጉታላችሁ። ጣፋጭ በየቀኑ ወደ ቤት አታስገቡ። በዓል ሲሆን ወይም እንግዳ ሲመጣ ከሰው እኩል ይብላ። እንባው ገና ጉንጩ ላይ እያለ ግን አትስጡት።