ስለ ጆን ኮልትሬን ያልታተሙ ቅጂዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጆን ኮልትሬን በ1967 ካረፈ ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተሰምተው የማያውቁ ቅጂዎቹ ብቅ ማለታቸው አልተቋረጠም። የዚህ ታላቅ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ወዳጆች በተገናኙበት ሁሉ ግን አንድ አባባል ይደጋገማል። መተዳደሪያዬ የድሮ ቴፖችን ወደ ዲጂታል መገልበጥ በመሆኑ አባባሉን ከሁሉ በላይ የምሰማው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ መስማቱም ሰልችቶኛል።

«ያልወጡት ሥራዎች በኩባንያው ካዝና ተቆልፎባቸዋል፤ ገበያ እያየ አንድ በአንድ ያወጣቸዋል።»

ይህ አባባል ፈላጊውን ሁሉ ወደተሳሳተ በር ይመራዋል። ኮልትሬን ከኳርቴቱ (ከአራት ሰዎች ባንዱ) ጋር ማርች 6 ቀን 1963 በኒው ጀርሲ በሚገኘው የድምፅ ቀራጩ የሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ የተጫወተው ሙዚቃ በ2018 ለአድማጭ የደረሰው ከካዝና ወጥቶ አይደለም። የአሳታሚው የኢምፐልስ ኩባንያ ማስተር (ዋናው) ቴፕ በ1970ዎቹ የማከማቻ ወጪ ለመቀነስ ከተጣሉት ጋር አብሮ እንደጠፋ ይታመናል። የተረፈው ኮልትሬን ለራሱ ማዳመጫ ወደ ቤቱ የወሰደው የቴፑ ግልባጭ ሲሆን፣ ጠብቀው ያቆዩትም የመጀመሪያ ባለቤቱ የናይማ ቤተሰቦች ናቸው። ሰው ኩባንያውን ሲያማ በኖረበት ዘመን ሁሉ ቴፑ የነበረው በቤተሰብ እጅ ነው።

ከፒያኖ ተጫዋቹ ከቴሎኒየስ ሞንክ ጋር ኖቬምበር 29 ቀን 1957 በኒው ዮርኩ አዳራሽ በካርኔጊ ሆል ያቀረበውንም ዝግጅት ብናይ ያው ነው። የቀረጸው የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ነበር፤ ቴፖቹም ወደ አሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት (ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ) ተዛውረው፣ ባለሙያው ላሪ አፕልባም በ2005 ለመገልበጥ እስኪያነሳቸው ድረስ ማንም ልብ ሳይላቸው ቆዩ። ኮልትሬን በዚያ ምሽት የሞንክ ባንድ አባል ስለነበር፣ በእርሱ ስም ብቻ መዝገብ ያገላበጠ ሰው አያገኛቸውም ነበር። በ1961 በኒው ዮርኩ ክለብ በቪሌጅ ጌት ከሙዚቀኛው ከኤሪክ ዶልፊ ጋር ሲጫወት የተቀረጸውን ደግሞ የድምፅ ባለሙያው ሪች አልደርሰን ያስቀረው አዲስ የድምፅ መሣሪያ ሲሞክር ነው። ያ ቴፕ በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የኪነ ጥበባት ክፍል ተገኝቶ በ2023 ታተመ። በሲያትል ኦክቶበር 2 ቀን 1965 የቀረበው ዝግጅትም በ2021 እስኪወጣ ድረስ የቆየው፣ ራሱ ሳክስፎን ተጫዋች በነበረው በቀራጩ በጆ ብራዚል የግል ስብስብ ውስጥ ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ኮልትሬን ምን ተጫወተ?» ተብሎ ሳይሆን «በዚያ ምሽት ማይክሮፎኑ የማን ነበር?» ተብሎ ነው። ሬዲዮ ጣቢያውን፣ የክለቡን የድምፅ ሠራተኛ፣ የኮንሰርቱን አዘጋጅ፣ አብረውት የተጫወቱትን ከበሮ መቺና ፒያኖ ተጫዋች ሁሉ በየስማቸው ፈልጉ፤ በቀኑና በአዳራሹ ስምም ሞክሩ። በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚኖር ወገን የምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ደጁ ላይ ነው፤ የአንባቢነት መታወቂያው በነጻ ይሰጣል። ኒው ጀርሲ ያለ ሰው ደግሞ በኒውአርክ የሚገኘውን የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የጃዝ ጥናት ተቋም ሊያልፈው አይገባም። ከመሄዳችሁ በፊት ለመዝገብ ሠራተኞቹ ጻፉ፤ ዝርዝር ያልተሠራለት ሣጥን የት እንዳለ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎችም አሉ። «ሳይታተም የቀረው ስላልተሳካ ነው።» የማርች 6ቱ ሙዚቃ በተቀረጸ ማግስት ያው ኳርቴት በዚያው ስቱዲዮ ከድምፃዊው ጆኒ ሃርትማን ጋር ዛሬም የሚወደደውን አልበም ሠርቷል፤ በአንድ ሌሊት ችሎታ አይመጣም።

«አውሮፓ የታተመ ብርቅ ሸክላ ሁሉ አዲስ ግኝት ነው።» አይደለም። ብዙዎቹ በሰፊው የታወቁ የሬዲዮ ስርጭቶች ሲሆኑ፣ ርዕሳቸው እየተቀየረና ቀናቸው እየተሳሳተ በተደጋጋሚ የታተሙ ናቸው። አንድ ደንበኛዬ ማንም የማያውቀው የስቶክሆልም ኮንሰርት ነው ተብሎ በውድ የገዛውን ሸክላ አምጥቶልኝ፣ ቤቱ ካለው ሲዲ ጋር ጎን ለጎን ሳሰማው የተመልካቹ ሳል እንኳ ሳይቀር አንድ ሆኖ ተገኘ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሉዊስ ፖርተርና ባልደረቦቹ በ2008 ያሳተሙትን የኮልትሬን ቅጂዎች ዝርዝር ተመልከቱ።

«ቴፑ የእኔ ከሆነ መብቱም የእኔ ነው።» በአሜሪካ ሕግ ቴፕ መያዝና የቅጂ መብት መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ2018 በወጣው ሕግ መሠረት ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 በፊት ተቀርጸው ያልታተሙ የድምፅ ቅጂዎች እስከ 2067 ድረስ ጥበቃ አላቸው።

«የድሮ ቴፕ ከመጫወቱ በፊት በምድጃ መሞቅ አለበት።» ይህ ምክር ጉዳት ስለሚያደርስ ያናድደኛል። በልዩ ማሞቂያ የሚታከሙት በተለይ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተመረቱ፣ ማጣበቂያቸው እርጥበት እየሳበ የሚለጠፍ ቴፖች ናቸው። በኮልትሬን ዘመን በስፋት ያገለግል የነበረው የአሲቴት (የፕላስቲክ ዓይነት) ቴፕ ግን ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተራል፣ ይሰባበራል። በቤት ምድጃ ተሞቆ እንደ ቅርፊት የተጠማዘዘ ሪል (የቴፕ ጥቅል) ተቀብዬ ከግማሹ በላይ ማዳን አልቻልኩም። ሪሉን ወደ ብርሃን ያዙት፤ ብርሃን ካሳለፈ አሲቴት ነው። ኮምጣጤ ከሸተተ መበስበስ ጀምሯልና ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አኑራችሁ ወዲያውኑ ባለሙያ ፈልጉ። ቤት ባለ ማጫወቻ አትሞክሩት። የሣጥኑን ሁሉንም ጎን ፎቶ አንሡ፣ በውስጡ ያለ ቁራጭ ወረቀትም አትጣሉ፤ የቀረጻው ቀንና የቀራጩ ስም ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል።