ሙቀት የሚያከማቹ ቅይጥ ቁሶች በአዲስ አበባ ዙሪያ

ሁነት ለዋጭ ቁስ የሚባለው ሲቀልጥ ሙቀት የሚይዝ፣ ሲረጋ ደግሞ የያዘውን የሚመልስ ነገር ነው። በቅልጠት ጊዜ የሚገባው ሙቀት የቁሱን ግለት ስለማይጨምር ስውር ሙቀት ይባላል። መጠኑ ግን ትልቅ ነው፦ 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ ይህ ያንኑ ውሃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ያደርሰዋል። ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ የሚቀልጠው ፓራፊን በኪሎ 200 ኪሎጁል ገደማ ይይዛል።

በ1948 እ.ኤ.አ. የፀሐይ ኃይል ተመራማሪዋ ማሪያ ቴልክስ በአሜሪካ ዶቨር በተሠራ ቤት በፀሐይ የቀለጠ የሶዲየም ሰልፌት ጨው ለማሞቂያ ተጠቀመች። ጨው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተለያይቶ ሥራውን አቆመ። ቅይጥ ቁሶች፣ ማለትም ሁነት ለዋጭ ቁስ ከሌላ ቁስ ጋር ተዋሕዶ የሚሠሩት፣ የተፈለጉት እንዲህ ያለውን ጉድለት ለማረም ነው። ፓራፊንም የራሱ ችግር አለበት፤ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ዳሩ ቀልጦ መሐሉ እንደረጋ ይቆያል፣ ሲቀልጥም ያፈሳል። ስለዚህ ሙቀት በደንብ በሚያስተላልፍ የካርቦን ዓይነት በሆነው ግራፋይት ወይም ቀዳዳ በበዛበት ድንጋይ ውስጥ ይመጠጣል።

ለአዲስ አበባ ዙሪያ ከሁሉም የሚቀርበው ጉዳይ እንጀራ ነው። ፀሐይ በቀን ትገኛለች፤ ምጣድ ግን ብዙ ጊዜ የሚጣደው በማለዳ ወይም ከሥራ መልስ ነው። የምጣዱ ገጽ በተለምዶ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ይግላል። ሊጡ ሲዞር ግለቱ ወዲያው ይወርዳል፣ አክንባሎው ይከደናል፣ እንጀራው ከወጣ በኋላም ጋጋሪዋ ምጣዱ እስኪመለስ ትጠብቃለች። ከሥሩ የቀለጠ ጨው ቢኖር እየረጋ የጎደለውን ይተካል። ለዚህ የተመረጠው 60 በመቶ ሶዲየም ናይትሬትና 40 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት ያለበት ቅይጥ ሲሆን፣ ወደ 220 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ በኪሎም 110 ኪሎጁል ገደማ ይይዛል።

ስሌቱን በቤት መስፈሪያ እንየው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ 12,600 ኪሎጁል ይፈጃል። ያንን በስውር ሙቀት ብቻ ለመያዝ 115 ኪሎ ያህል ጨው ያስፈልጋል፤ ሲቀልጥ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። ጨው ከቅልጠቱ በላይ ሲግል ተጨማሪ ሙቀት ስለሚይዝ መጠኑ ሊቀንስ ይችላል፤ በአንጻሩ በየመንገዱ የሚባክን ሙቀት ይጨምረዋል። ያም ሆኖ በአንድ ጓዳ ጥግ የሚቀመጥ ነገር ነው።

ይህ በወረቀት ብቻ የቀረ ሐሳብ አይደለም። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን በፀሐይ የቀለጠ የናይትሬት ጨው ለእንጀራ መጋገሪያ ሞክሯል። እንጀራ ከ180 ዲግሪ በታችም ይጋገራል የሚል ውጤት ቀርቧል፤ ይህ ግን በሊጡ ውፍረትና በምጣዱ ዓይነት የሚወሰን ይመስላል። ዓይኑ ያላማረ እንጀራ ደግሞ ከማንም ቤት ገበታ ላይ አይቀርብም። ናይትሬት ኦክስጅን ሰጪ ስለሆነ ከእንጨት ፍቅፋቂና ከዘይት መራቅ አለበት። በከፍተኛ ሙቀት ከግራፋይት ጋር ስለሚኖረው ደኅንነትም የሚያስጠነቅቁ አሉ።

ለቤት ግድግዳ የሚሆነው ሌላው ቁስ እግራችን ሥር ነው። በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ብሎኬት ማምረቻዎች ደጃፍ የሚከመረው ፑሚስ እጅ ላይ ሲያዝ የሚቀል፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ድንጋይ ነው። የቀለጠ ሰም በደረቅና በሞቀ ፑሚስ ላይ ጠብ ሲል ኩሬ አይሠራም፤ ድንጋዩ ይመጠዋል፣ ገጹ ላይ የሚቀረው ጥቁር እርጥበት የሚመስል ምልክት ነው። ፓራፊን በእሳት ስለሚቀጣጠል ግን የግድግዳው ልስን ውፍረትና የመሸፈኛው ዓይነት መታሰብ አለበት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ የቆርቆሮ ቤት ደግሞ በእኩለ ቀን የሞቀውን በማታ ይጥለዋል። ለዚህ የሚስማማው ከ20 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚቀልጥ ቅይጥ ነው፤ ካፕሪክና ላውሪክ የተባሉት የስብ አሲዶች ቅልቅል ለዚያ ቅርብ ነው።

የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ቀዳሚዋ የማር አምራች ናት፣ የንብ ምርምር ማዕከሉም ሆለታ ነው። ስለዚህ ለውሃ ማሞቂያ የሚሆን ሰም ከባሕር ማዶ መፈለግ አያስፈልግም። የወተት ማቀዝቀዣ ግን ወደ 4 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ቁስ ስለሚፈልግ፣ ሰሙ ለዚያ አይሆንም።