የወሎ ታሪክ በዐውደ ርዕይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎብኚ ከዕቃው ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ አምኖ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ደሴም ይሁን ወልዲያ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ዐውደ ርዕይ የምታዘጋጁ፣ በትእምርተ ጥቅስ የተቀመጡትን እነዚህን የተሳሳቱ አባባሎች ከመጻፋችሁ በፊት እዩዋቸው።

«ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ የተሠራ መድፍ ነው»

የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። የወሎ ታሪክ የሚሆነው ጉዞው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ያህል የፈጀው መንገድ ስላልነበረ ነው፤ የጂዳንና የበሽሎን ገደል እየቆረጡ ጠረጉት። በኋላ የእንግሊዝ ጦር የወጣውም በዚያው መንገድ ነው። ከመድፉ ፎቶ ይልቅ ቁልቁለቱንና ዳገቱን የሚያሳይ የመንገድ ንድፍ ብትሰቅሉ ጎብኚው ድካሙን ይረዳዋል።

«የመቅደላ ቅርስ በሙሉ በቀጥታ ለንደን ገባ»

የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈው ቅርስ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ መጀመሪያ ደላንታ ሜዳ ወጣ፤ እዚያው በወሎ ምድር በጨረታ ተሸጠ። በየግለሰቡ እጅ የተበተነው በዚህ ምክንያት ነው። «እንግሊዝ አገር ይገኛል» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የየትኛው ቤተ መዘክር እንደሆነ ይጻፍ።

«ባቲና አምባሰል የዘፈን ስሞች ናቸው»

በስማቸው የሚዘፈን አለ፤ ከሁሉ በፊት ግን ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ አደራደሮች ናቸው፣ ስማቸውም የወሎ ቦታዎች ስም ነው። ልዩነታቸው የክራሩ ክሮች በሚሰጡት ድምፅ ላይ ነው። ሌላው ቅኝት ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ሲሆን፣ ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ሲ ነው። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ፋ፣ ሶ፣ ላ ሆኖ ሬና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። ክራር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይህን አይናገርም። አንዱን ዜማ በየቅኝቱ ቀድታችሁ በጆሮ ማዳመጫ አስደምጡ። ለወራት የሚሰቀለውን ክራር ደግሞ ክሮቹን አላሉት፤ ተወጥረው ከቆዩ ቀንበሩን (ክሮቹ የሚታሰሩበትን አግዳሚ እንጨት) ያጎብጡታል።

«ብራና የሚነካው በነጭ ጓንት ነው»

ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል። የጥጥ ጓንት የጣትን ስሜት ያደነዝዛል፤ የቅጠሉን ጠርዝ ይይዛል፣ የተላቀቀውንም ቀለም ያራግፋል። ጓንት ለብር መስቀል አስፈላጊ ነው፤ ላብ ብርን ያጠቁራል። ብራናውን ከመስኮት አርቁት፣ ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይለፍ። መጽሐፉን ጨርሳችሁ አትዘርጉት፤ በሁለቱም ገበታ (የእንጨት ሽፋን) ሥር ድጋፍ አድርጉለት። ከቀዝቃዛው ደሴ ወደ ሞቃቱ ኮምቦልቻ ስታወርዱት ሣጥኑ ለአንድ ቀን ተዘግቶ ይቆይ፤ አየሩ ድንገት ሲለወጥበት ብራና ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይፈረፈራል።

«ሉሲ የወሎ ታሪክ አይደለችም»

በ1967 ስትገኝ፣ የተገኘችበት ሐዳር በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረ፤ ዛሬ በአፋር ክልል ነው። ሁለቱንም ጻፉ።