የጅራታም ኮከብ «ማግኒቲዩድ» ምንድን ነው? (6 ሲባል በዓይን ትታያለች ማለት አይደለም)

«ኮሜቷ ማግኒቲዩድ 6 ገብታለች፣ የሰው ዓይን ደግሞ እስከ 6 ያያል፣ ስለዚህ ዛሬ ማታ ወጣ በሉና እዩዋት።» ጅራታም ኮከብ በመጣ ቁጥር እንዲህ የሚል ፖስት አይጠፋም፣ ሰዉ ልጆቹን ይዞ ሰገነት ላይ ይወጣል፣ ምንም የለም፣ ከዛ ኮመንቱ በሙሉ «አታለሉን» ይሆናል። እኔ ኮሜት መለካት ሱስ የሆነብኝ ሰው ነኝና ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ፣ አሁን ግን አንዱ «ሳይንሱ ነው እንደዛ የሚለው፣ ካላየሃት ዓይንህን ተመርመር» ብሎ ሲመልስ ሳይ በቃኝ።

ማግኒቲዩድ የድምቀት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ ይጨምራል፣ የ5 ማግኒቲዩድ ልዩነት 100 እጥፍ ነው ምናምን የታወቀ ስለሆነ አልመለስበትም።

ኮከብ ከዚህ ሆነህ ስታየው ነጥብ ነው፣ ብርሃኑ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ነው ያለው። ኮሜት ግን ነጥብ አይደለችም። መሀሏ ላይ ጥቂት ኪሎሜትር የምታክል የበረዶና የአቧራ ቋጥኝ አለች፣ እሷን ራሷን አናያትም፣ የምናየው ከሷ የወጣውን የጋዝና የአቧራ ደመና ነው፣ ኮማ የሚባለውን፣ እሱ ደግሞ ስፋቱ መቶ ሺህ ኪሎሜትር አንዳንዴም ከዛ በላይ ይሄዳል። እና «ማግኒቲዩድ 6» ሲባል የዛ ሁሉ ደመና ብርሃን ተለቅሞ አንድ ነጥብ ላይ ቢታጨቅ የ6 ኮከብ ያህል ይሆን ነበር ማለት ነው። ቢታጨቅ! ማንም አላጨቀውም እኮ።

አንድ ጋሎን ነጭ ቀለም አለህ እንበል። የግቢህን በር ብትቀባበት ቁልጭ ይላል። ያንኑ ጋሎን አቅጥነህ አጥሩን በሙሉ ብታዳርስበት ግን የድሮው ቀለም ከስር ያሳያል፣ ጎረቤትህ መቀባትህንም ላያውቅ ይችላል። ማግኒቲዩዱ የሚነግርህ የጋሎኑን ልክ ነው፣ አጥሩ ስንት ሜትር እንደሆነ አይነግርህም። የድሮው ቀለም ደግሞ ሰማዩ ነው፣ ጥቁር አጥር ላይ ስስ ነጭም ቢሆን ይለያል፣ ግራጫ አጥር ላይ ግን ጠፋ በቃ፣ የአዲስ አበባም ሆነ የዱባይ ሰማይ ግራጫ አጥር ነው።

ቁጥር ለሚወድ፦ ማግኒቲዩድ 6 የሆነች ኮሜት ወርዷ የጨረቃን ሲሶ ቢያክል (10 አርክሚኒት ገደማ፣ አርክሚኒት የዲግሪ ስልሳኛ ነው) ብርሃኗ ሲከፋፈል በአንድ ስኩዌር አርክሰከንድ (አርክሰከንድ የአርክሚኒት ስልሳኛ ናት) በአማካይ ማግኒቲዩድ 19.6 አካባቢ ይሆናል። የደማቅ ከተማ ሰማይ ራሱ 18 አካባቢ ነው፣ ማለትም ሰማዩ ኮሜቷን ከ4 እጥፍ በላይ ይበልጣታል። ከከተማ ርቀህ ሰማዩ 21.5 የሆነበት ቦታ ብትሄድ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ እሷ ሰማዩን ከ5 እጥፍ በላይ ትበልጠዋለች። ኮሜቷ ያችው ናት፣ «6»ቱም ያው ነው። (በአማካይ ያልኩት ለማቅለል ነው፣ የእውነተኛ ኮማ ብርሃን ወደ መሀል ይወፍራል፣ ለዛም ነው ታዛቢዎች ከ0 እስከ 9 የሚሄድ የጥግግት ደረጃ አብረው የሚጽፉት፣ 0 ማለት ጉም፣ 9 ማለት ኮከብ የሚመስል። ይቺን ቁጥር የሚያነብ ሰው ግን አላገኘሁም።) ካላመንከኝ ኤም33 የምትባለውን ጋላክሲ ፈልጋት፣ ጠቅላላ ማግኒቲዩዷ 5.7 ነው፣ ወረቀት ላይ በዓይን የምትታይ ናት፣ ከከተማ መሀል ሆነህ ግን በባይናኩላር እንኳን ታስለቅስሃለች።

ሌላ ወዳጃችን ደግሞ «አንዱ ድረገጽ 8 ይላል ሌላው 11 ይላል፣ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አያውቁትም» አለ። ያውቁታል ወንድሜ፣ የለኩት የተለያየ ነገር ነው። ለምህዋር ስሌት ወደ ማይነር ፕላኔት ሴንተር (የአስትሮይድና የኮሜት ልኬት የሚሰበሰብበት ማዕከል) የሚላከው ልኬት ዋና ስራው ኮሜቷ ያለችበትን ቦታ በትክክል መናገር ነው፣ ድምቀቱ ምርቃት ነው፣ ብዙ ጊዜም መሀሏ ላይ ጠበብ ያለ ክብ ተይዞ ነው የሚለካው። ከአጥሩ አንድ ብሎኬት ብቻ ፍቀህ «ጋሎኑ ይሄ ነበር» እንደማለት ነው። ለዛም ነው መዝገቡ ላይ ከቁጥሩ ጎን «ቲ» ወይም «ኤን» የሚል ፊደል የሚቀመጠው፣ የመጀመሪያው ጠቅላላውን፣ ሁለተኛው የመሀሉን ብቻ ማለት ነው፣ ፊደሏን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ የሚለጥፈው ሰው ነው ያጣላን። በዓይን የሚገምቱት ደግሞ አቅራቢያዋ ያለን ኮከብ ከፎከስ አውጥተው የኮማውን ያህል አደብዝዘው ነው የሚያወዳድሩት፣ እዛም ቢሆን በመሳሪያውና በሰማዩ ምክንያት ሁለት ጎበዝ ሰዎች በግማሽ ማግኒቲዩድ ቢለያዩ የሚደነግጥ የለም። ፎቶውማ በጭራሽ ማስረጃ አይሆንም፣ ሰላሳ ምስል መደራረብ ማለት አጥሩን ሰላሳ እጅ መቀባት ነው፣ ዓይንህ ደግሞ አንድ እጅ ብቻ ነው የሚቀባው... እሺ፣ ቀለሜ መላጥ ስለጀመረ ልተወው።

የትንበያው ነገር ሌላ ጉድ ነው። አንድ አስትሮይድ ከፀሐይ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ የሚደርሰው ብርሃን 4 እጥፍ ይሆናል፣ ኮሜት ግን ስትሞቅ ጋዝና አቧራም አብዝታ ስለምታወጣ እንደልማድ 16 እጥፍ ተብሎ ነው የሚሰላው። «እንደልማድ» የምትለው ላይ አስምሩ። ጹቺንሻን–አትላስ የምትባለውን ኮሜት (ሲ/2023 ኤ3) ውሰዱ፣ በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) መጀመሪያ ስትገኝ ማግኒቲዩድ 18 አካባቢ የነበረች፣ ከፀሐይ የመሬትን 7.3 እጥፍ የራቀች ብዥታ ናት፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 2024 ግን የዚያኑ የመሬት ርቀት 0.39 ድረስ ቀርባለች። ያቺን 16 እጥፍ ወደ 8 ብታወርዳት በዚህ ጉዞ መጨረሻ ላይ የምታገኘው መልስ በ3.2 ማግኒቲዩድ፣ ማለትም 19 እጥፍ ገደማ ይለያያል። አዲስ መጪዎቹ ደግሞ፣ ከኦርት ደመና (የፀሐይ ሥርዓት ዳርቻ ላይ ካለው የኮሜቶች ክምችት) ገና ብቅ የሚሉት ማለቴ ነው፣ ቶሎ የሚተኑ በረዶዎቻቸው ገና ከሩቅ ስለሚነሱ መጀመሪያ ላይ ደማቅ ይመስላሉ፣ ሲቀርቡ የሚደምቁበት ፍጥነት ይቀንሳል፣ የ1973ቱ ኮሜት ኮሁቴክ ዓለምን ሁሉ አስጠብቃ ያሳፈረችው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ስለ ጹቺንሻን–አትላስም ቢሆን አንጋፋው የኮሜት ተመራማሪ ዝደነክ ሴካኒና በጁላይ 2024 መበታተኗ አይቀርም ብሎ ጽፎ ነበር፣ አልተበታተነችም። ጭራሽ ኦክቶበር 9 አካባቢ በእኛና በፀሐይ መሀል ስታልፍ አቧራዋ የፀሐይን ብርሃን ወደ እኛ እየበተነ ወደ ማግኒቲዩድ −5 ተጠጋች፣ ፀሐይን የሚከታተለው የሶሆ መንኮራኩር ካሜራ ይዟታል። ቬነስን የምታክል! ግን ከፀሐይ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለራቀች በዓይኔ አየኋት የሚል የለም ማለት ይቻላል፣ ሰው በደንብ ያያት ከቀናት በኋላ፣ በጣም ደክማ፣ ምሽት ላይ በምዕራብ በኩል ስትወጣ ነው። እና ትልቁን ቁጥር ያሳየችው ማንም ባላያት ሰሞን ነው።

ሳትጠይቁኝ ስለ ምህዋሩም ልጨምር፣ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ለዚችው ጹቺንሻን–አትላስ «በ80 ሺህ ዓመት አንዴ የምትመጣ» ተባለ፣ ሁሉም ሼር አደረገው። እንዲህ ያለ የተለጠጠ ምህዋር ላይ ዘመኑን (አንድ ዙር የሚፈጅባትን ጊዜ) የሚወስነው የመለጠጡን መጠን የሚናገረው ቁጥር ነው፣ 1 ከደረሰ መመለስ የለም። ቅርቡ ርቀት 0.39 ሆኖ ቁጥሩ 0.9998 ቢሆን 86 ሺህ ዓመት ይመጣል፣ 0.9999 ቢሆን 243 ሺህ፣ ለፀሐይ በቀረበችበት ሰሞን የተሰላው ደግሞ ከ1 በትንሹ ያለፈ ነበር። በዛ ላይ ይሄ ቁጥር የአንድ ቀን ፎቶ በሉት፣ የፕላኔቶች ስበት ሲጨመርበት ይቀያየራል፣ የምትተፋው ጋዝ ራሱ ይገፋታል፣ ኮማው ደግሞ ወደ ጅራቱ ሲያደላ እኛ «መሀሏ ይሄ ነው» ብለን የምንለካው ነጥብም አብሮ ይንሸራተታል። ሄል–ቦፕ የምትባለው ኮሜት ስትመጣ ዘመኗ ወደ 4,200 ዓመት ነበር፣ በኤፕሪል 1996 በጁፒተር አጠገብ አለፈች፣ ስትሄድ ወደ 2,500 ሆኖ ነበር።