«በአፍ ምንም አይሰጥ» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ልጅ ከአዘዞ አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል። ስትሮክ የመታቸው እናቱ አልጋ ላይ «በአፍ ምንም አይሰጥ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጎንደር ላይ ደግሞ በሽተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን የሚሄድ የለም። «እናቴን በረሃብ ልትገድሏት ነው እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም።

ስትሮክ እጅና እግርን ብቻ አይደለም የሚያደክመው። የጉሮሮ ጡንቻንም ያደክማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ መዋጥ ይቸግራቸዋል። ያን ጊዜ አጥሚቱ በምግብ ቧንቧ መውረዱን ትቶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የሳንባ ምች ያመጣል፤ ሊገድልም ይችላል። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ግን ሁሌ ትን አለማለቱ ነው። አንዳንዱ ምንም ሳያስለው ወደ ሳንባው ይገባል። ስለዚህ «አንዲት ጉርሻ ምን ታመጣለች» እዚህ ላይ አይሠራም። ውሃም፣ ፀበልም፣ ኪኒንም ያው ነው።

ክልከላው የመዋጥ ምርመራ እስኪደረግ ነው። ነርሷ እናትን ቀና አድርጋ ታስቀምጣቸዋለች። በማንኪያ ጥቂት ውሃ ትሰጣቸዋለች። አሳላቸው ወይ? ሲናገሩ ድምፃቸው ውሃ የያዘ ይመስላል ወይ? ደህና ከሆኑ ምግብ ይጀመራል። ካልሆነ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይመገባሉ። እናት አይራቡም ማለት ነው።

አጥሚቱን ከመክፈታችሁ በፊት ነርሷን «የመዋጥ ምርመራ ተደረገላቸው?» በሏት።