የቆዩ የሶፍትዌር ስሪቶችን በባች ፋይል ማራገፍ

ባች ፋይል የዊንዶውስ ትእዛዞች በተርታ የሰፈሩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ቅጥያው «ባት» ወይም «ሲኤምዲ» ሲሆን የሚያስፈጽመው ኮማንድ ፕሮምፕት የተባለው የዊንዶውስ የትእዛዝ መቀበያ ነው። ብዙ ኮምፒውተሮችን የሚያስተዳድሩ ሰዎች አሮጌ ስሪቶችን በየማሽኑ እየዞሩ ከማራገፍ ይልቅ አንድ ፋይል ጽፈው በሁሉም ላይ ያስኬዳሉ። አዲሱ ሲጫን አሮጌው የማይወገድባቸው ፕሮግራሞች አሉ፤ ጃቫ በዚህ ለዓመታት ታውቋል። የደኅንነት ቀዳዳ ያለበት ስሪት ከጎኑ አዲስ ስለተጫነ ብቻ ቀዳዳው አይደፈንም።

ማራገፊያው ትእዛዝ አንድ መስመር ነው። ሥራው ያለው ማሽኑ ላይ ምን እንዳለና በምን መንገድ እንደተጫነ በማወቁ ላይ ነው። መልሱ በሬጂስትሪ፣ ማለትም ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚያስቀምጥበት ቋት ውስጥ «አንኢንስቶል» በሚለው ቁልፍ ሥር ይገኛል። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ቁልፉ ሁለት ቦታ አለ፤ የ32 ቢት ፕሮግራሞች «ዋው6432ኖድ» በሚባለው ቅርንጫፍ ሥር ስለሚመዘገቡ አንዱን ብቻ የሚፈትሽ ፋይል ግማሹን ያልፋል። ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተጫነ ፕሮግራም ደግሞ በዚያ ሰው መገለጫ ውስጥ ነው የሚመዘገበው፤ በግሩፕ ፖሊሲ (ብዙ ኮምፒውተሮችን ከማእከል ማስተዳደሪያ) የማስነሻ ስክሪፕትነት በሲስተም መለያ፣ ማለትም በዊንዶውስ የራሱ መለያ የሚሮጥ ፋይል በራሱ መገለጫ ሲፈልግ አያገኘውም።

ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው መጫኛ፣ በዊንዶውስ ኢንስቶለር የተጫነ ሁሉ የምርት ኮድ አለው፤ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ በሰረዝ የተከፋፈሉ 32 የሄክሳዴሲማል (ከ0 እስከ 9 እና ከኤ እስከ ኤፍ) አሃዞች ናቸው። ኮዱ የዊንዶውስ ኢንስቶለር ትእዛዝ ለሆነው ለኤምኤስአይኤክዜክ ይሰጣል፦ ለማራገፍ «/ኤክስ»፣ ያለ መስኮት እንዲሠራ «/ኪውኤን»፣ ማሽኑን ዳግም እንዳያስነሳ «/ኖሪስታርት»። የሥራውን ሂደት መዝገብ (ሎግ) የሚያስቀምጠው «/ኤል*ቪ» መቼም መቅረት የለበትም፤ ከሌለ ሥራው ለምን እንደከሸፈ ማወቅ ግምት ይሆናል። ሬጂስትሪው ውስጥ ያለው የማራገፊያ መስመር ብዙ ጊዜ «/አይ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እሱን እንዳለ መገልበጥ የጥገና መስኮት ይከፍታል እንጂ አያራግፍም።

የጃቫ 8 ኮዶች የስሪቱን ቁጥር በውስጣቸው ይዘዋል፤ በማሻሻያ 45 ኮድ መጨረሻ ክፍል 3218045 የሚል ተከታታይ ይታያል፣ በ64 ቢቱ 6418045። ስለዚህ ቁጥሩን በፎር ዑደት (አንድን ትእዛዝ በተለያየ ዋጋ በሚደጋግመው) እየቀያየሩ አሮጌዎቹን በሙሉ መሞከር ይቻላል። የማሻሻያው ቁጥር ሦስት አሃዝ ሲሆን ግን አሰላለፉ ተለውጧል፤ የድሮው ዑደት ምንም ስህተት ሳያሳይ አዲሶቹን ይስታቸዋል።

የምርት ስም በደብልዩኤምአይሲ (ስለ ማሽኑ መረጃ በሚጠየቅበት የዊንዶውስ ትእዛዝ) ፈልጎ ማራገፍ ቀላል ይመስላል፤ አይመከርም። «ፕሮዳክት» የሚለው ጥያቄ በዊንዶውስ ኢንስቶለር የተጫኑትን ሁሉ አንድ በአንድ ይመረምራል፣ የተጓደለ ካገኘም ወደ ጥገና ይገባል። መሣሪያው ራሱ እየተወገደ ያለ ነው።

በሌሎች መጫኛዎች የተዘጋጁ ፕሮግራሞች የየራሳቸው ማራገፊያ አላቸው። ኢኖ ሴትአፕ «/ቬሪሳይለንት» ሲፈልግ ኤንኤስአይኤስ በትልቁ ፊደል «/ኤስ» ብቻ ይቀበላል፤ ትንሹን ፊደል አያውቀውም። የኤንኤስአይኤስ ማራገፊያ ራሱን ወደ ጊዜያዊ ማኅደር ገልብጦ የመጀመሪያውን ሂደት ይዘጋል። «ስታርት /ዌይት» እንኳ አያስጠብቀውም፤ ባች ፋይሉ ማራገፉ ሳያልቅ አዲሱን ወደ መጫኑ ያልፋል። ፕሮግራም በሚያስጀምረው በ«ስታርት» ትእዛዝ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ፦ በትእምርተ ጥቅስ የገባውን የመጀመሪያ ነገር የመስኮት ርእስ አድርጎ ስለሚወስድ ከፕሮግራሙ ዱካ በፊት ባዶ ጥቅስ ይቀመጣል።

ስሪት ማወዳደር ባች በጣም የሚደክምበት ቦታ ነው። ሁኔታ የሚፈትሸው «ኢፍ» ትእዛዝ ቁጥር ከቁጥር የሚያወዳድረው ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ሲሆኑ ነው፤ ነጥብ ከገባ እንደ ፊደል ያያቸዋል። ያኔ 10.0 ከ9.0 ያንሳል ይባላል፣ ፋይሉም ሊያስቀረው የተጻፈበትን አዲሱን ስሪት ያራግፋል። መፍትሔው ስሪቱን በነጥቡ ላይ ቆርጦ ክፍሎቹን ለየብቻ ማወዳደር ነው። እዚያም ከፊት ዜሮ ያለው ቁጥር በስምንት ቤት (ከ0 እስከ 7 ባሉ አሃዞች ብቻ) ይቆጠራል፤ 08 እና 09 በስሌት ውስጥ ስህተት ይሰጣሉ።

ከእያንዳንዱ ማራገፍ በኋላ የሚመለሰው ኮድ መነበብ አለበት። 0 ተሳክቷል ነው። 3010ም ተሳክቷል፣ ዳግም ማስነሳት ብቻ ቀርቶታል። 1605 ምርቱ በማሽኑ ላይ የለም ማለት ስለሆነ ለዚህ ሥራ እንደ ስኬት ይቆጠራል። 1618 ሌላ መጫኛ እየሠራ ነው፤ ጥቂት ጠብቆ መድገም ይበቃል። 1603 ግን አጠቃላይ ስህተት ነው፣ ምክንያቱ በመዝገቡ ውስጥ ይፈለጋል። በዑደት ውስጥ ይህን ኮድ የሚይዘው የ«ኤረርሌቭል» ዋጋ በፐርሰንት ምልክት ከተጠቀሰ ዑደቱ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን ነው የሚሰጠው፤ የዘገየ ትርጉም (ዋጋው መስመሩ ሲፈጸም እንዲነበብ የሚያደርገው ቅንብር) ተፈቅዶ በቃለ አጋኖ መጠቀስ አለበት። «ኢፍ ኤረርሌቭል 1» ደግሞ እኩል ሳይሆን «1 ወይም ከዚያ በላይ» ማለት ነው፤ 3010ን እንደ ውድቀት የሚቆጥሩ ፋይሎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

የፕሮግራሙን ማኅደር በቀጥታ መደምሰስ ማራገፍ አይደለም። ምዝገባው ይቀራል፣ ቀጣዩ ስሪትም አሮጌውን ማስወገድ አልቻልኩም ብሎ ሊቆም ይችላል። ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ በዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ ያለው የ«ኢንስቶለር» ክፍል ሲጠረግም እንዲሁ ነው፤ ማራገፊያው የሚፈልገው የመጫኛ ጥቅሉ ቅጂ የተቀመጠው እዚያ ነውና ትእዛዙ 1612 (የመጫኛው ምንጭ አልተገኘም) ብሎ ይመለሳል።